የአባት ስም በቅድሚያ

ጠዋት ፊቷን ታጥባ ወደ ክፍሏ ስትመለስ እንጀራ አባቷ በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። ድምፁ መቼም ዝቅ አይልም፤ ቀኑን ሙሉ በብየዳና በግራይንደር ጩኸት መሃል ስለሚውል ሰው ሁሉ ጆሮው የከበደ ይመስለዋል። "ምን ነካህ፣ ጋዜጣ አይደለም እኮ! ጆርናል ነው፣ የዶክተሮች" ይላል። "አዎ፣ ልጄ ናት የጻፈችው። ስሜ ውጭ አገር ሊታተም ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን የሰው በር ስበይድ ኖሬ ስሜን ያስጠራልኝ አንድ በር የለም፤ እሷ አስጠራችው!" ከዚያ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው ምን እንዳለው አይታወቅም፣ ለረጅም ጊዜ ሳቀ።

ነርሷ ፎጣውን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆመች። እናቷ የአልጋው ጠርዝ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፋ የልጇን የሥራ ጋውን ትተኩሳለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። እናቷ ዓይኗን መልሳ ወደ ኮሌታው ወሰደችው፤ የተተኮሰውን ኮሌታ ደግማ ተኮሰችው። በዚህ ቤት የማይነሳ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የነርሷ የአባት ስም የእንጀራ አባቷ፣ የጋሼ፣ ስም አይደለም። ልጅቷ ገና ግድግዳ ይዛ ለመራመድ ስትንገዳገድ ጥሎ የሄደ የሌላ ሰው ስም ነው። በትምህርት ቤት መዝገብም፣ በመታወቂያም፣ በሥራ ውልም የእሱ ስም ከስሟ ኋላ እየተከተለ እዚህ ደርሷል። ጋሼ ወደዚህ ቤት ሲገባ ልጅቷ ፊደል ትቆጥር ነበር፤ ጫማዋን የገዛው፣ ሲያማት በጀርባው አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሳት፣ ነርሲንግ ያስተማራት እሱ ነው። "ጋሼ" እንዳለችው ቀረች፤ አባዬ ብላው አታውቅም፣ እሱም በይኝ ብሎ አያውቅም።

"ንገሪው" አለች እናቷ ከጋውኑ ቀና ሳትል፣ በሹክሹክታ። "ሰው ፊት ከሚያፍር።"

"ማታ እነግረዋለሁ" አለች ነርሷ። ማታም እንደማትነግረው ሁለቱም ጠረጠሩ።

ጽሑፉ ስለ ሕፃናት ቃጠሎ ነው። ነርሷ የምትሠራበት የቃጠሎ ክፍል ውስጥ ከሚተኙት ሕፃናት አብዛኞቹ ወለል ላይ ከተቀመጠ ምድጃ ድስት ስበው ወይም የፈላ ማንቆርቆሪያ ገልብጠው የመጡ ናቸው። ቁስላቸውን ስታጥብ፣ ስታሽግ፣ ደግሞ ስታጥብ ኖረች። አንድ ቀን ሲመራት፣ ጋሼን በምድጃ ዙሪያ የሚቆም የብረት መከለያ እንዲሠራላት ለመነችው። ሠራላት። ከዚያ ከክፍሉ ቀዶ ሐኪም ጋር ሆና መከለያውን ለብዙ ቤቶች አደሉና መከለያ ያለበትን ቤት ከሌለበት ጋር ሲያነጻጽሩ ከረሙ። ውጤቱ ከጠበቁት በላይ ሆነ። መከለያው በሌሎች ቤቶችም እንዲታደል የጠየቋቸው የጤና ቢሮ ኃላፊ ግን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ "ጥሩ ነው፤ የታተመ ነገር ይዛችሁ ኑና እንነጋገር" ብለው ሸኟቸው። የመጀመሪያው ጆርናል መለሰው። ሁለተኛው ይዘቱን ተቀበለ፤ ትናንት የላከው ኢሜይል ግን ልቧን አንጠልጥሎት አደረ። ማጣቀሻው በሌላ ጆርናል ሥርዓት ነው የተጻፈው፤ እስከ ዛሬ ቢሮ መዝጊያ በእኛ መመሪያ ተስተካክሎ ካልደረሰን እንደ አዲስ ጽሑፍ ተቆጥሮ ከሰልፉ ጀርባ ይቆማል፣ ይላል። እውነቱን ነው። ለመጀመሪያው ጆርናል ያዘጋጀችውን እንዳለ ነበር የላከችው።

የዚህኛው ጆርናል መመሪያ ደግሞ ገና ከመነሻው እንዲህ ይላል፦ የጸሐፊው የአባት ስም በቅድሚያ በሙሉ ይጻፍ፤ የራሱ ስም ግን በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ይወከል። በዚህ ሕግ መሠረት ነርሷ የምትታወቀው በዚያ ጥሎ በሄደው ሰውዬ ስም ሊሆን ነው። የእሷ ስም አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆና ከኋላው ትንጠለጠላለች። ጋሼ ደግሞ የትም የለም።

ሥራ ቦታ ስትደርስ ዶክተሩ የቀዶ ጥገና ልብሱን ለብሶ በኮሪደሩ እየተጣደፈ አገኛት። ጥሩ ሰው ነው፤ ችግሩ ቆሞ መስማት አያውቅም። "ሲስተር፣ ነጥብና ሰረዝ ነው እኮ" አላት እየሄደ። "ዛሬ ጓደኛሽ ተረኛ ትሁንልሽ፣ አንቺ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጪ። ገላግይን!" የተቀመጠችበት ክፍል የነርሶቹ ዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ በአንድ በኩል የፋሻ ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፣ በሌላ በኩል እግሩ የተሰበረ የግሉኮስ መስቀያ ቆሟል፣ በመካከሉ አንድ ጠረጴዛና ሲነሳ እንደ ሽማግሌ የሚያቃስት ኮምፒውተር አለ።

ነጥብና ሰረዝ ነው ማለት ቀላል ነው። አሮጌው አጻጻፍ ዓመተ ምህረቱን በቅንፍ ከስሙ ኋላ ያስቀምጣል፤ አዲሱ ቅንፉን አንስቶ ከጆርናሉ ስም በኋላ እንዲሆን ይፈልጋል። አሮጌው ዋቢዎቹን በፊደል ተራ ይደረድራል፤ አዲሱ በጽሑፉ ውስጥ በተጠቀሱበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። አንዱን ከላይ ወደ ታች ስታወርድ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ ቁጥራቸው ይዛባል፤ የእነሱን ስታስተካክል ደግሞ በጽሑፉ መሃል ያሉት ይዛባሉ። የጆርናሉ ስም በዘመመ ፊደል፣ የጽሑፉ ርዕስ በቀጥታ ፊደል። ከነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ፣ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ የለም። መጀመሪያ ተናደደች። እየቆየ ግን ነገሩ ቁስል እንደ ማሸግ ሆነላት፤ ፋሻው በትክክል ካልተጠቀለለ ከሥሩ ያለው መድኃኒት ምንም ቢሆን ይፈታል። የሚያነበው ሰው ወደ ምንጩ ሄዶ እሷ ያለችው እውነት መሆኑን እንዲያይ መንገዱን መጥረግ ነው፣ አለች ለራሷ።

መሃል ላይ ጓደኛዋ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። "ይቅርታ የኔ እህት፣ አንድ ደቂቃ እጅሽን ልዋስ። ሕፃኗ አልያዝ አለችኝ።" ተነስታ ሄደች። አልጋው ላይ ያለችው ልጅ ገና ጥርሷ በወጉ አልበቀለም፤ ከደረቷ እስከ ክንዷ ተልጧል። ነርሷ እጇን ታጥባ ጓንት አጠለቀችና የማይረባ ዘፈን እያንጎራጎረች ያዘቻት። የልጅቷ እናት ግድግዳውን ተደግፋ፣ "አንዴ ዞር ብዬ እኮ ነው፣ አንዴ፣ ሽንኩርት ላነሳ" ትላለች፤ ማንም አልጠየቃትም። ሁሉም እናቶች የሚሉት ይሄንኑ ነው። ዞር ማለት ወንጀል አይደለም። ነርሷ ይሄንን ለማለት ነበር ያንን ሁሉ ገጽ የጻፈችው።

ስትመለስ ልብሷ ላይ የቅባቱ ሽታ እንደቀረ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። እዚሁ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡት አዛውንቷ ሐኪም የጻፏቸውን ጽሑፎች ደጋግማ ጠቅሳለች፤ ነገር ግን አንዱ ላይ የተመዘገቡት በራሳቸው ስም ነው፣ ሌላው ላይ በአባታቸው፣ አንዱ ላይ ደግሞ ጭራሽ በአያታቸው። ለማያውቃቸው ሰው ሦስት ሰዎች ናቸው። መመሪያው ለእንዲህ ያለው ነገር መልስ የለውም። ብዙ ካመነታች በኋላ ስልካቸውን ከዶክተሩ በሰው አስጠይቃ ተቀበለችና ደወለች።

"ማን ልበል?" አለ ሻካራ የሴት ድምፅ።

"ከቃጠሎ ክፍል ነው ዶክተር። ነርስ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጽሑፍዎን ጠቅሼ ስምዎን እንዴት እንደማሰፍር ግራ ገብቶኝ ነው።"

አዛውንቷ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ። "አባቴን አገኘሽው በይኛ!"

"እንዴት?"

"ሁላችሁም የምትጠቅሱት አባቴን ነዋ! ነፍሱን ይማረውና ልብስ ሰፊ ነበር። መርፌ ቢይዝ ለሱሪ ነው፤ ዓለም ግን የቃጠሎ ሊቅ አድርጎታል። አንዴ ስብሰባ ላይ አንዱ ፈረንጅ 'የዚያ የታላቁ ተመራማሪ ዘመድ ነዎት?' አይለኝም?"

"ምን አሉት?"

"ልጁ ነኝ አልኩታ። ምን ልበል?" ነርሷም ሳቀች። አዛውንቷ ግን ሳቃቸውን ገታ አደረጉ። "ሳቁ ይቆየንና፣ ያኔ ለማዕረግ ሳመለክት ግማሹ ሥራዬ የኔ አይደለም ተባልኩ። 'ይሄ ሌላ ሰው ነው' አሉኝ። እኔው ራሴ ሌላ ሰው ሆንኩ። ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ነገሩን ትንሽ ነው ብለሽ እንዳታልፊው። ለአዘጋጁ ጻፊለት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ሁለተኛው ስም አባታችን ራሱ የሚጠራበት ነው፣ ስለዚህ ስማችን ሳይገለበጥ በሙሉ ይጻፍልን በይው። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የነገራቸው የለም።"

ጻፈች። አንድ አንቀጽ ለመጻፍ ስንት ጊዜ እንደሰረዘች እሷ ነች የምታውቀው፤ ስትለምን እንዳትመስል፣ ስትቆጣም እንዳትመስል። ላከችውና ምሳዋን ሳትበላ መመሪያውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ጀመረች። እስካሁን ያነበበችው የማጣቀሻውን ክፍል ብቻ ነበር። ሥዕል እንዴት እንደሚላክ፣ ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚሰመር እያለ ሄዶ ወደ ታች አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰችና ቆመች። በጥናቱ ጥቅም ላይ የዋለ ማንኛውም መሣሪያ የሠሪው ሙሉ ስምና የተሠራበት ቦታ ይገለጽ።

የራሷን ጽሑፍ ከፈተች። "በአካባቢው ከተገኘ ቁሳቁስ የተሠራ የብረት መከለያ" ይላል። እንዲህ ብሎ የጻፈው ዶክተሩ ነው፤ እሷም አንብባ አልፋዋለች። የተሠራ! በማን ተሠራ? መከለያው ከሰማይ የወረደ ይመስላል። ጋሼ ከሥራ በኋላ ግቢው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ብረቱን በጠመኔ ሲያሰምር፣ ሕፃን ጣቱን እንዳይቆርጠው ጠርዙን ሁሉ እያጠፈ ሲሞርድ ትዝ አላት። ስትጽፍ ለምን እንዳላሰበችው ራሷን ጠየቀች። ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር ሠሪ ያለው አይመስልም።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ስትጠብቅ ዶክተሩ ላቡን እየጠረገ ወጣ። ስክሪኑን በስልኳ ፎቶ አንስታ ነበርና ዘረጋችለት።

"ይሄ እኮ ለትልልቅ ፋብሪካዎች ነው" አላት። "የመርፌው ካምፓኒ፣ የማይክሮስኮፑ ካምፓኒ። ሰፈር ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት እንጽፋለን እንዴ? ይስቁብናል ሲስተር።"

"'ማንኛውም መሣሪያ' ነው የሚለው።"

"ይላል፣ ግን..."

"ዶክተር፣ ሌላ አገር ያለ ሰው መከለያውን ማሠራት ቢፈልግ ማንን ይጠይቅ? አካባቢውን?"

ስልኩን ተቀብሎ መስመሩን ደግሞ አነበበው። ከዚያ የደከመው ፊቱ ላይ ፈገግታ መጣ። "አካባቢውን" ብሎ ደገመና ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ነኝ እንደዛ ብዬ የጻፍኩት አይደል? ጻፊው። ሙሉ ስሙን ጻፊው። መከለያውን ለልጄም ማሠራት አለብኝ፣ አሁን መዳህ ጀምራለች።"

ለጋሼ ስትደውል ከድምፁ በፊት የመጣው የግራይንደሩ ጩኸት ነው። በሥራ ሰዓት ደውላለት ስለማታውቅ ደነገጠ። "ምን ሆናችሁ? እናትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት ጋሼ። ስምዎን ልጠይቅ ነው የደወልኩት።"

"ስሜን ረሳሽው?"

"በጽሑፉ ላይ እንዲገባ ነው። መከለያውን የሠራው ሰው ሙሉ ስም ይጻፍ ይላል ሕጋቸው።"

ግራይንደሩ ጠፋ። በመስመሩ ላይ የአንድ ሠራተኛ ሳል ብቻ ይሰማል። እንጀራ አባቷ ሲናገር ድምፁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝቅ ያለ ነበር። "ጠዋት ሰምተሽኛል ማለት ነው። አንቺ ልጅ፣ ያ እኮ የጉራ ወሬ ነው። ከዚያ ጓደኛዬ ጋር ሲያወራ ሰው ምላሱን አይይዝም። የማን ስም እንደሚከተልሽ አጥቼው መሰለሽ? ለኔ ስትይ ምንም እንዳትነካኪ፣ በኋላ ነገር ይበላሽብሻል።"

"ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ካልጻፍኩት ይመልሱብኛል።" እስክሪብቶ አነሳች። "የሠሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ" አለ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው። ከዚያ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የወርክሾፑን ስም አንድ በአንድ ነገራት፤ እሷም የማታውቀው ይመስል እያስደገመች ጻፈች። ሊዘጋው ሲል፣ "ቆይ" አላት። "የዚያኛው ሰውዬስ? ያባትሽ ስም ይወጣል?"

"ከስሜ ቀጥሎ።"

"ይውጣ። እንዳትሰርዢው። ትቶልሽ የሄደው እሱን ብቻ ነው፤ ይኑርሽ።" መልስ ሳይጠብቅ ግራይንደሩን አስነሳው።

የአዘጋጁ መልስ የመጣው ቢሮ ሊዘጋ ሲቃረብ ነው። ስለ ማብራሪያው አመስግነው፣ ስሞች በአገሬው ልማድ ሳይገለበጡ በሙሉ ሊጻፉ እንደሚችሉ፣ ነገር ግን በመላው ዝርዝር አንድ ዓይነት መሆን እንዳለባቸው ነገሯት። አዛውንቷን ሐኪም በሁሉም ቦታ አንድ ሰው አደረገቻቸው። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ወጥታ የራሷን ስም አንዲትም ፊደል ሳታሳጥር ጻፈችና የአባቷን ስም አስከተለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጽፈው የኖረችው ስም ነው፤ ዛሬ ግን ልቧ ሳይጎረብጣት ጻፈችው። በዘዴው ክፍል ውስጥ "በአካባቢው" ብሎ የሚጀምረውን ሐረግ ሰርዛ ጋሼን አስገባችው። የመላኪያውን ቁልፍ ስትጫን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ አቃሰተ፤ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ "ደርሶናል፤ ጽሑፍዎ ወደ ኅትመት ዝግጅት ተላልፏል" የሚል መስመር አወጣ። ከፋሻው ካርቶን ጋር ብቻዋን ስለነበረች ካርቶኑን በደስታ በጡጫ መታችው።

ቤት ስትገባ ገና ብርሃን ነበር። ጋሼ ከሁሉም ቀድሞ ገብቷል፤ ታጥቦ፣ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ፣ እንግዳ የሚጠብቅ ይመስል ሳሎን ተቀምጧል። ምንም አልጠየቃትም። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ ገጹን አሳየችው። መነጽሩን ፈልጎ አደረገና በጣቱ ሳይነካ መስመሩን ተከተለ፤ የራሱ ስም ጋ ሲደርስ አልፎት ሄደና ተመልሶ መጣ። ከዚያ እስከ ታች ድረስ ያሉትን የማያውቃቸውን ሰዎች ስሞች ሁሉ አነበበ። "ይሄ ሁሉ ሰው ስለ ቃጠሎ ሲያስብ ኖሯል?" አለ። "ደግ ነው። እኔ እኛ ብቻ የሆንን መስሎኝ ነበር።"

እናቷ ከወጥ ቤቱ በር ቆማ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ታያቸዋለች። ቀኑን ሙሉ የተጨነቀችበት ነገር እንዲህ በሰላም ሲያልፍ ደስ ያላት ትመስላለች፤ ግን ሌላም ነገር ፊቷ ላይ አለ። "እንግዲህ" አለች በመጨረሻ፣ "ያባትሽም ስም ገባ፣ የሱም ስም ገባ፣ የዶክተሩም ገባ፣ ቅድም በስልክ ያወራሽኝ ያ የማላውቀው ልብስ ሰፊም እንኳን ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፈው አሉ። መከለያው ረጅም ነው፣ ድስት ሳወጣ ክንዴን ያቃጥለኛል፣ ዝቅ አድርገው ብዬ ስንት ቀን የተጨቃጨቅኩት እኔስ የት ነኝ?"

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። "እውነቷን ነው" አለ ወደ ልጅቷ ዞሮ። "የመጀመሪያውን እኮ አስፈርሳኛለች። ልኩን የሰጠችኝ እሷ ናት።"

ነርሷ ሳቅም እንባም ባንድ ላይ መጣባት። መመሪያውን አሁን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ከኅትመት በፊት አንድ ጊዜ ለእርማት ይላክላቸዋል፣ የምስጋናው ክፍልም ያኔ ሊጨመርበት ይችላል። ዛሬውኑ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። "እማዬ፣ ስምሽን ንገሪኝ። በሙሉ።"

እናቷ ሽርጧን ፈታች። ጸጉሯን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እጇን ወደ ጎኗ ለጥፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ስሟን ተናገረች። የአባቷን ስም ተናገረች። ትንሽ አሰበችና የእናቷንም ስም ጨመረች።

"የእናት ስም ይጻፋል እንዴ?" አለ ጋሼ።

"እኔ እንጃ" አለች ነርሷ እየጻፈች። "እንጠይቃቸዋለን።"